ፍሪጁ ጋዝ ጨርሷል ከማለታችን በፊት

(ጎንደር ላይ ለጥገና ተማሪዎች፣ ለሥጋ ቤትና ለጁስ ቤት ባለቤቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ የሥጋ ቤትና የጁስ ቤት ባለቤቶችን እዚህ ማየት ደስ ይላል፤ ዛሬ የምናገረው ግማሹ ለባለሙያው ቢሆንም ግማሹ ገንዘቡን ለሚከፍለው ሰው ነውና።

ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ነገር አንድ ነው። "ጋዝ ጨርሷል።" ባለቤቱ ይለዋል። ጎረቤት ይለዋል። የሚያሳዝነው ባለሙያውም ገና ፍሪጁን ከግድግዳው ሳያላቅቅ ይለዋል። ከዚያ ጋዝ ይሞላል፣ ብር ይከፈላል፣ ፍሪጁ ለጥቂት ሳምንት ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። ያው ሰው እንደገና ይጠራል። ይህ መቆም አለበት፤ እኔም የመጣሁት ለዚህ ነው።

የፍሪጅ ጋዝ ነዳጅ አይደለም። ፍሪጁ ሲሠራ አያቃጥለውም፣ አይበላውም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ በጀርባ በኩል ይጥለዋል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ሌላ ይሸከማል። ቱቦው ካልተበሳ ፋብሪካው የሞላው ጋዝ ፍሪጁ እስኪጣል ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ጋዙ ጎድሎ ከሆነ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳትደፍኑ ጋዝ ብትሞሉ ጥገና አላደረጋችሁም፤ ቀጠሮ ነው ያራዘማችሁት።

ግን ብዙ ጊዜ ጋዙ ጭራሽ አልጎደለም። መጀመሪያ መብራቱን እዩ። ቮልቱን ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ሊነሣ ሲል ለኩት እንጂ ቆሞ ሳለ ብቻ አትለኩት። ዝም ብሎ 215 የሚያሳይ መስመር ኮምፕረሰሩ ሲነሣ 170 ሊገባ ይችላል፤ በተለይ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሰካበት ሰዓት። 220 ቮልት የተጻፈበት ኮምፕረሰር ከ187 በታች ሲሆን መነሣት ይከብደዋል። ያን ጊዜ "ጭቅ" ትላለች፣ ዝም ትላለች፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና "ጭቅ" ትላለች። ኦቨርሎዱ ነው፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል መስመሩን እየቆረጠለት ነው። ሰው ግን ይህን ድምፅ ሰምቶ ሞተሩ ሞቷል ይላል፣ አንዳንዱም ኮምፕረሰር ይገዛል። አዲሱም ኮምፕረሰር በዚያው መስመር ላይ "ጭቅ" ይላል።

መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስም እንዲሁ ነው። ኮምፕረሰሩ ሲቆም በአንዱ በኩል ከፍተኛ፣ በሌላው በኩል ዝቅተኛ ግፊት ይቀራል። ሁለቱ ካፒላሪ በምትባለው ቀጭን ቱቦ በኩል እስኪስተካከሉ 3፣ 5 ደቂቃ ይፈልጋሉ። መብራቱ በ10 ሰከንድ ከተመለሰ ሞተሩ ያንን ግፊት ተሸክሞ መነሣት አለበት፣ አይችልም። ለዚህ ነው ደቂቃ ቆጥሮ የሚያስነሣ መከላከያ ግዙ የምለው። ዋጋው ከአንድ ጊዜ ጋዝ መሙላት ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም፣ ፍሪጅ ያለው ቤት ሁሉ ቢኖረው ደስ ይለኛል።

መብራቱ ደህና ከሆነ ጀርባውን እዩ። ኮንደንሰሩ፣ ያ ሙቀቱን የሚጥለው የጀርባ ቱቦ፣ በአቧራ ከተሸፈነ ሙቀቱ የሚወጣበት የለም። ከግድግዳ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የበሩን ጎማ ለማየት ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አይገጥምም፣ እርጥብ አየር ቀን ከሌት ይገባል፣ በረዶም ይጋገራል። ይህ ሁሉ ጋዝ አይፈልግም። ብሩሽ፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ነው የሚፈልገው።

አንድ ነገር ደግሞ የጎንደርን ብርድ ይመለከታል። ታኅሣሥና ጥር ላይ "ከታች ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው ፍሪዘር ግን ሥጋ አላደርቅ አለ" የሚል ስልክ ይመጣል። ብዙ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ቅዝቃዜውን አይቶ ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያቆመው፣ አንድ ነው፣ እሱም የታችኛውን ክፍል ነው የሚያየው። ማድ ቤቱ ራሱ 10 ዲግሪ ከገባ የታችኛው ክፍል ያለ ሞተር ይቀዘቅዛል፤ ቴርሞስታቱ በቂ ነው ይላል፣ ኮምፕረሰሩ አይነሣም፣ ፍሪዘሩ ይሟሟል። ይህ ብልሽት አይደለም። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። "ኤን" የሚለው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ላለ ክፍል ነው የተሠራው። "ኤስ ኤን" ከ10 ይጀምራል። "ቲ" የሚለው እስከ 43 ዲግሪ ይችላል፣ እሱን መተማ ላለ ሰው ምከሩት። ሰው ፍሪጅ ሲገዛ በሊትርና በቀለም ነው የሚመርጠው፣ ይቺን ፊደል የሚያይ የለም።

ተማሪዎች፣ አሁን ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ ወደመሰካት እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የምንማርባቸው መጻሕፍትም የምናያቸው ቪዲዮዎችም የተሠሩት ለባሕር ጠለል ነው፣ ጎንደር ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩ 101 ኪሎ ፓስካል ይጫናል። እዚህ 78 ገደማ ነው። ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 93 ላይ ነው። ይህን ሁሉም በትምህርት ቤት ሰምቶታል፣ ጌጁ ላይ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ከቱቦው ውስጥ አየር የሚመጥጠውን ቫኪዩም ፓምፕ ስትሰኩ ሰማያዊው ጌጅ ከዜሮ በታች እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ ተጽፎበታል። መጽሐፉም 30 አካባቢ አድርሱት ይላል። ጎንደር ላይ አይደርስም። ፓምፑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን መርፌው 23 ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ከዚያ በላይ የሚወጣ አየር የለም። ይህን ያላወቀ ልጅ ወይ ፓምፑ ደክሟል ይላል፣ ወይ ሲስተሙ ያፈሳል ብሎ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ከዚህም የባሰው ሌላው ነው፤ 20 ላይ ሲደርስ "ተቃርቧል" ብሎ የሚዘጋው። 20 ማለት ውስጡ ገና ብዙ አየርና እርጥበት አለ ማለት ነው። ያ እርጥበት ካፒላሪው ጫፍ ላይ ሄዶ በረዶ ይሠራል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ ፍሪጁ ይቀዘቅዝና ያቆማል፣ ሲሟሟ እንደገና ይጀምራል። ቢቻል የቀረችውን ጥቂት ግፊት የሚለካ የማይክሮን መለኪያ ይኑራችሁ፣ 500 ማይክሮን አድርሱት። ከሌለም ጊዜ ስጡት፣ ከዚያ ፓምፑን ዘግታችሁ መርፌው እንዳይመለስ ጠብቁ። ሲስተም በተከፈተ ቁጥር እርጥበት የሚይዘውን ፊልተር ድራየር ቀይሩ። ዋጋውን አስባችሁ አሮጌውን አትመልሱ፣ በሞቴ።

ሲሞላም ያው ነው። አር 134ኤ የሚባለው ጋዝ የተሞላ የቤት ፍሪጅ በዝቅተኛው በኩል የሚሠራው ከዜሮ እምብዛም ባልራቀ ግፊት ነው። ግፊትን ወደ ዲግሪ የሚቀይረው ሰንጠረዥ 0 ፒኤስአይ (ፒኤስአይ የግፊት መስፈሪያ ነው) ማለት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ነው ይላል። ጎንደር ላይ ግን ያው 0 ከዜሮ በታች 31 ወይም 32 ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከማየታችሁ በፊት ጌጁ ካነበበው ላይ 3 ፒኤስአይ ገደማ ቀንሱ። ትልቅ ኤሲ ላይ ግፊቱ ከ100 በላይ ስለሆነ 3 ምንም አይደለም። የቤት ፍሪጅ ላይ ግን ትልቅ ልዩነት ነው፤ አንድ ልጅ የሞላ መስሎት ጋዝ አጉድሎ የሚተወው በዚህች በ3 ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ገበያው ላይ አር 600ኤ የሚሉት በዝቷል። ይህ ጋዝ አይሶቡቴን ነው፣ የሚቀጣጠል ጋዝ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ የቤት ፍሪጅ ላይ ብዙ ጊዜ ከ100 ግራም በታች ነው የሚሞላው። ዝቅተኛው በኩል ደግሞ በጤናው ከዜሮ በታች፣ ማለትም ቫኪዩም ውስጥ ነው የሚሠራው። አስቡት እንግዲህ። ጌጅ ሰክቶ መርፌው ከዜሮ በታች ሲወርድ ያየ ሰው ወዲያው ጋዝ የለውም ይላል፣ ይጨምራል፣ እንደገና ይጨምራል፣ ደህና የነበረውን ፍሪጅ ያበላሻል። አንዳንዱ ደግሞ በእጁ ያለውን አር 134ኤ ይጨምርበታል። ይህ በፍጹም አይደረግም። ወረቀቱ ላይ የጋዙ ስምና ግራሙ ተጽፏል፣ በዲጂታል ሚዛን መዝኑ። እሳትም ከማቀጣጠላችሁ በፊት ጋዙን አስወጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ በጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ብየዳ ስትከፍቱ ያገኛችኋል።

እሳት ካነሣሁ አይቀር ኦክስጅን የሚለውን በጣም ከፍ ባለ ድምፅ ልናገር። ቀዳዳ ለመፈለግ ሲስተሙን በግፊት የምንሞላው በናይትሮጅን ነው፣ ሬጉሌተር ገጥመን፣ ወረቀቱ ከሚፈቅደው ግፊት ሳናልፍ። ናይትሮጅን ለማግኘት መንከራተት እንዳለ አውቃለሁ፣ የብየዳ ኦክስጅን ደግሞ አጠገባችሁ ነው። አታድርጉት። ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ሰው ይሞታል። ናይትሮጅን ከሌለ ሥራውን ለነገ አሳድሩት፣ ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

መተማ ወርዳችሁ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልበል። ጎንደር ላይ ክፍሉ 25 ዲግሪ ሲሆን አር 134ኤ ያለው ፍሪጅ በከፍተኛው በኩል 130 ፒኤስአይ ገደማ ቢያሳይ ደህና ነው። ያው ፍሪጅ መተማ፣ 43 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 200 ገደማ ያሳያል፣ እሱም ደህና ነው። ስለዚህ "ትክክለኛው ግፊት ስንት ነው?" ብላችሁ አንድ ቁጥር አትሸምድዱ። ግፊቱን ወደ ዲግሪ ቀይሩት፣ ከአካባቢው ሙቀት ጋር አስተያዩት፣ ያን ጊዜ ትርጉም ይሰጣችኋል። በነገራችን ላይ ሳሳ ያለ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ፋን ያለው የጁስ ቤት ፍሪጅ እዚህ ከፍታ ላይ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያወጣው ያንሳል። አቧራ ሲጨመርበት ቶሎ የሚታፈነው ለዚህ ነው።

ጋዝ በእውነት ሲጎድል ምን ይመስላል? ኮምፕረሰሩ አያቆምም። በክላምፕ ሜትር ስትለኩ አምፔሩ ከተጻፈው ያንሳል። ኮንደንሰሩ ለብ ከማለት አያልፍም። በረዶው ጋዙ ወደ ማቀዝቀዣው ቱቦ በሚገባበት አካባቢ ብቻ ይይዛል፣ ወዲያ ያለው ባዶ ነው። እነዚህ አንድ ላይ ካልታዩ ጌጅ አትስኩ። የታሸገ ፍሪጅ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እርጥበትና የሚወጣው ጋዝ ቀላል አይደለም። ከተከፈተም ቀዳዳው ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ዘይት ያርሰዋል፣ በጣታችሁ ዳስሱ፣ ሳሙና ቀቡ፣ አረፋውን ጠብቁ። ያለውን ጋዝም ዝም ብላችሁ ወደ አየር አትልቀቁ፤ አንድ ኪሎ አር 134ኤ ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያላነሰ አየሩን ያሞቃል።

ስለ ማሞቂያም ተጠይቄያለሁ። ጎንደር ውስጥ ትልቁ የቤት ማሞቂያ ምጣድ ነው። እሱም ላይ ያው ልማድ አለ፣ ሳይለኩ መቀየር። ምጣዱ አልሞቅ ሲል፣ እንጀራውም ዓይን አላወጣ ሲል ሽቦው ተበላሽቷል ይባላል። መጀመሪያ ቮልቱን እዩ። ሙቀቱ ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ ከዚያ በላይ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ከገባ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ሊጡም ምጣዱም ምንም አልሆኑም። ማታ አልጋገር ያለው እንጀራ ንጋት ላይ ይጋገራል።

ሽቦው በእርግጥ ሲበጠስ ደግሞ ብዙ ሰው የተበጠሰውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ያገናኛል። 3,500 ዋት ያለው ምጣድ ሽቦው 14 ኦም ገደማ ነው፣ 16 አምፔር ይስባል። ከሽቦው አንድ አሥረኛውን ቆርጣችሁ ካስወገዳችሁ ወደ 18 አምፔር ይጠጋል። በየጥገናው ሲያጥር ሲያጥር መጨረሻ ላይ ሶኬቱ ይቀልጣል። ሰው ሶኬቱን ይወቅሳል። ሽቦውን ሙሉ በሙሉ በልኩ ቀይሩት። ምጣድን በዲቫይደር አትስኩ፣ ለብቻው ከብሬከር የመጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይኑረው፣ ኧርዝም ይኑረው። እናቶቻችን እርጥብ እጃቸውን ይዘው ነው የሚጋግሩት።

ቦይለር ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልናገር። ውሃ ጠፍቶ ሮቶውም ባዶ ሲሆን ቦይለሩን አጥፉ፣ ውሃ የሌለው ማሞቂያ በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ሁለተኛው፣ ከሥሩ ያለችው ቫልቭ ሲሞቅ ትንሽ ብታንጠባጥብ ሥራዋ ነው፣ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋልና። ውሃ አበላሸች ብላችሁ በጭራሽ አትድፈኗት። ቴርሞስታቱ አልቆርጥ ባለ ቀን ቤቱን የምታድነው እሷ ናት።

ከሰልን ማለፍ አልችልም። ክረምት ላይ ክፍል ለማሞቅ የተያያዘ ከሰል ይዞ የሚተኛ ሰው አለ። ጭሱ ሲያልቅ መርዙ ያለቀ ይመስለዋል፣ መርዙ ግን አይታይም፣ አይሸትም። እባካችሁ፣ ብርድ ልብስ ጨምሩ እንጂ ከሰል ይዛችሁ አትተኙ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተነሣ። አንዲት የሥጋ ቤት ባለቤት "ሰርቪስ መቼ ላስደርግ?" አሉ። እትዬ፣ ሁዳዴ ላይ ነው። 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ፍሪጁ ባዶ ነው። ብዙ ሰው ስፒናውን ነቅሎ በሩን ዘግቶ ይሄዳል፣ ውስጡ ይሻግታል፣ ጎማው ተጣብቆ ይቀደዳል። ይልቅ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በሩን በትንሽ እንጨት ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ኮንደንሰሩን አስጠርጉ፣ ፋኑን አስዩ። ከፋሲካ አንድ ሳምንት በፊት አስነሡትና ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ከ4 ዲግሪ በታች መያዙን እዩ። የቅዳሜ ሹር ቀን ባለሙያ አታገኙም፣ ብታገኙም እየሮጠ ነው የሚሠራላችሁ።

አንድ ተማሪ የኮምፕረሰርን ጤንነት እንዴት እንለይ አለ። ሦስት እግር አለው፤ ኮመን፣ ስታርት፣ ራን። መብራት ነቅላችሁ ኦሙን ለኩ። ከኮመን ወደ ራን ትንሹ ነው፣ ከኮመን ወደ ስታርት ከፍ ይላል፣ ከራን ወደ ስታርት የሁለቱ ድምር ነው። 12፣ 20፣ 32 ቢመጣ ለምሳሌ ይገጥማል። ከየትኛውም እግር ወደ ብረቱ አካል ግን ምንም ማንበብ የለበትም። ይህ ሁሉ ልክ ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩን የሚያስነሣውን ሪሌይ ቀይሩ፣ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ እዚያ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ከተቀመጠ ወጣት መጣ፣ ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው። "እኔ አቧራ ጠርጌ ጎማ አስተካክዬ ፍሪጁ ቢቀዘቅዝ ደንበኛው ምን ሠራህና ነው ብሎ አይከፍለኝም፤ ጋዝ ሞላሁ ካልኩት ግን ይከፍላል" አለ። እውነቱን ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስለዚህ ባለቤቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ለመመርመሪያ ክፈሉ። ባለሙያ መጥቶ ለክቶ ፈትሾ "ምንም ጋዝ አልጎደለውም፣ መስመርህ ነው የደከመው" ካላችሁ ከጋዝ ዋጋ በላይ አድኗችኋል። ከመጀመሩ በፊት የመመርመሪያውን ዋጋ ተነጋገሩ፣ ጋዝ ቢሞላም ባይሞላም የሚከፈል ይሁን። ጋዝ ሞላሁ የሚላችሁን ደግሞ ሦስት ነገር በወረቀት ጻፍልኝ በሉት፤ ቀዳዳው የት ነበር፣ የትኛው ጋዝ ነው የገባው፣ ስንት ግራም። ተማሪዎች፣ እናንተም ሳትጠየቁ ጻፉት፣ የቮልቱን ንባብ ጨምሩበት፣ ፍሪጁ ጀርባ ላይ ለጥፉት። ከዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ ያንን ፍሪጅ ሲከፍት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።